የዎፋ ክዋቤና ንጹሕ ደም

ዎፋ ክዋቤና ዶምፌ ከመንገድ ማዶ ቆሞ፣ በሰው ትከሻ ላይ ባለ፣ ኬንቴ በምንለው ባለ ጥለት ሽመና ውስጥ የተዘለለች አንዲት ክር ያያል። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ነው፣ ያውም ሳይጠየቅ። ለቀብር ሲሄድ ሐዘንተኛውን ከማጽናናቱ በፊት የሐዘንተኛውን ልብስ ያበጥራል። “ይሄን የሸመነው ማነው? እጁ ይቆረጥ!” ይላል፣ ሬሳው ገና ከቤት ሳይወጣ። እውነቱን ለመናገር በሙያው አይታማም። እኔን የሚያንጨረጭረኝም ይኸው ነው፤ እግዜር ያን የመሰለ ዓይን እንዲህ ያለ ጭንቅላት ላይ መትከሉ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ዎፋ የምለውም ለዚያ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን አልልም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ያልኩት ይበቃዋል።

በእኛ በአሻንቲዎች ዘንድ ልጅ የእናቱ ወገን ነው። ደሙን ከእናቱ ይወስዳል፤ አባት ስም ያወጣለታል፣ መንፈሱን ያካፍለዋል እንጂ ደም አይሰጠውም። ይህን በመንደራችን በኦዱማሴ ገና የሚድህ ሕፃን ያውቀዋል። እኔንም ለባል መስጠት ወይም መንፈግ የአባቴ ሥልጣን አልነበረም፣ የዎፋ ነበር። የወገናችን አለቃ እሱ ነዋ! ስብሰባ ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ “ደማችን ንጹሕ ነው” ሳይል ነገር አይጀምርም። እብድ የለብን፣ ለምጻም የለብን፣ ሌባ የለብን። ስስታም ስለመኖሩ ግን አንድም ቀን ሲያነሳ አልሰማሁም።

ኮጆ ንሲያ ከዎፋ የሽመና ዳስ አጠገብ የሚሸምን ልጅ ነበር። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ነገሩ አጠር ያለ። መወርወሪያውን ሲወረውር አፉን ከፈት ያደርጋል፤ መጀመሪያ የሳቅሁበት በዚያ ነበር፣ የወደድኩትም በዚያው ይመስለኛል። በሃያ አራት ዓመቴ ወገኖቹ በራችንን ሊያንኳኩ፣ እኔን ለትዳር ሊጠይቁ መጡ። እናቱ ማሜ ዱፊ ለማንኳኪያ ባመጡት የሽናፕስ አረቄ ጠርሙስ አንገት ላይ ኮጆ መጀመሪያ ከሸመነው ኬንቴ የተረፈ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ክር ገምዳ አስራበታለች። የዎፋ ቃል አቀባይ ኦፓኒን መንሳ ጠርሙሱን ተቀብሎ ለዎፋ ሰጠ። ዎፋም “እንመርምርና መልስ እንሰጣችኋለን” አለ።

ደንቡ እንዲህ ነው። የልጅቷ ወገን የልጁን ዘር ይመረምራል። ካማረው ጠርሙሱን ይከፍታል፤ ጠርሙሱ ተከፈተ ማለት ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። ካላማረው እንደታሸገ ይመልሳል። ሦስተኛ መንገድ የለም። ዎፋ ግን ብልጥ አይደል፣ ሦስተኛ መንገድ አገኘ።

ምርመራውን ራሱ ሄደ። በኮጆ እናት መንደር የዘንባባ ጠጅ ሲጋት ውሎ በማግስቱ ተመለሰ፤ ከካሳቫ የወቀጥኩትን ፉፉ አቀረብኩለት። አንዷን ጉርሻ ድቡልቡል አድርጎ መረቁ ውስጥ እየነከረ ጀመረ።

“ስሚ አኮሱዋ። የዚያ ቤት ወንዶች በአፍላነታቸው ዓይናቸው ይጠፋል። ሁለቱም አጎቶቹ ዕውር ናቸው። በዓይኔ በብረቱ አይቻቸዋለሁ፣ ዛፍ ሥር ተጎልተው ዝንብ ሲያባርሩ። ንጹሕ ደማችን ውስጥ ዕውር ልትጨምሪብኝ ነው?”

“ዎፋ፣ ልጆቹ የሚወለዱት ከእኔ አይደል? ደማቸው የእኔ አይደለም እንዴ? አባት ደም አይሰጥም እያሉ ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ?”

ጉርሻው እጁ ላይ ቆመ። ለጥቂት ጊዜ የሚያስብ መሰለኝ፤ ሞኝ ነኝ።

“አፍሽን ዝጊ!” አለ። “ሴት ልጅን ትምህርት ቤት መስደድ ትርፉ ይሄ ነው። ጨው አንሶታል፣ ጨው አምጪ።”

ጨው አመጣሁ። ጠርሙሱን ግን አልመለሰውም፤ አልከፈተውምም። አልጋው ሥር አስገባው። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁት “ገና እየመረመርኩ ነው” አለ። በዓመቱም “እየመረመርኩ ነው”፣ በአምስት ዓመቱም “እየመረመርኩ ነው”። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ረሳው። ነገሩ ግን ለእኔ ግልጽ ነበር። ቢከፍተው እሄዳለሁ፣ ቢመልሰው ሌላ ወንድ ይመጣና ያው እሄዳለሁ። የሌላ ሰው መጠጥ ያለበትን ቤት ደግሞ ማንም አያንኳኳም። ፉፉውን የምወቅጥለት እኔ፣ ልብሱን የማጥበው እኔ፣ ኬንቴውን ኩማሲ ወስጄ የምሸጥለት እኔ። የሰውዬው ምርመራ ሆዱ ላይ ቆሞ ቀረ።

ሰው ዛሬም “ለምን ጥለሽው አልሄድሽም?” ይለኛል። አፍ ቀላል ነው። ሳይሰጡኝ ብሄድ ቅምጥ እንጂ ሚስት አልባልም፤ ስሞትም ወገኔ አይቀብረኝም። በእኛ አገር ቀብር ከሠርግ ይበልጣል። እናቴም እስክትሞት “ወንድሜን አታዋርጂብኝ” እያለች ታለቅስብኝ ነበር። ኮጆም ቢሆን መሸሽን አልወደደም።

“ጠርሙሴ አልተመለሰም” ይለኝ ነበር። “እስካልተመለሰ ድረስ ጥያቄዬ እዚያው አለ። እኔም እዚሁ አለሁ።”

አንድ ዓመት ያህል እንዳለፈ ኮጆ ለአንድ ትልቅ ቀብር የታዘዘ ኬንቴ ሸመነ። ዎፋ ከመንገድ ማዶ አየውና ጮኸ። “ኧረ ጉድ! ኧረ ጉድ! ቀይ የሚገባበት ላይ አረንጓዴ አስገብቷል! ኑና እዩልኝ ይሄን ሸማኔ!” ሰው ተሰበሰበ። ኮጆ የሸመነውን ወደ ፊቱ ቢያስጠጋውም ቢያርቀውም አልሆነለትም። ቀይና አረንጓዴው አንድ ሆነውበታል። የደረቁ ነፋስ ወራት ሲገቡ ደግሞ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው መሃሉ ጠፋበት። ሕመም የለው፣ ቅላት የለው፤ ዝም ብሎ ጠፋ። የቀረለት ዳር ዳሩ ነው። እኔን ለማየት ሲፈልግ ጎረቤቴን ነው የሚያየው፤ በዓይኑ ጠርዝ ያገኘኛል።

ዎፋ ያን ሰሞን እንደ ሙሽራ ደስ ብሎት ሰነበተ። “አላልኩሽም? አላልኩሽም? ይሄኔ ዕውር ስትመሪ ነበር!” ይለኛል። አንድም ቀን እንኳ “አይዞሽ” አላለም። ኮጆ ሽመናውን ትቶ ለሌሎች ሸማኔዎች ክር በቀሰም እያጠነጠነ መኖር ጀመረ፤ ለዚያ ጣት ይበቃል።

አሁን የጭንቅላቱን ነገር ልንገራችሁ። ዎፋ አጄይ የሚባል ልጅ ነበረው። አጄይ የኮጆን እኅት አፉዋን ወደዳት፤ ወደዳት ብቻ አይደለም፣ አስረገዛት። ያ ሁሉ ንጹሕ ደም ሲል የኖረ ሰው ቱግ ይላል ብለን ስንጠብቅ ፈገግ አለ።

“በዚያ ቤት የሚታወሩት ወንዶቹ ናቸው” አለ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት እግሩን ዘርግቶ። “ሴቶቹ በጨረቃ ብርሃን መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ። ወንዳቸውን ከልክያለሁ፣ ሴታቸውን እወስዳለሁ። ይሄ ነው ብልሃት! ደግሞስ የአፉዋ ልጆች የእናታቸው ወገን አይደሉ? ቢታወሩስ የእነሱ ዕውር ነው፤ እኛ ላይ አይቆጠር።”

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንዱ አጨበጨበ። ከእነዚያ ሁሉ ሽበቶች መካከል “ደም በእናት ከሆነ፣ ደጋግ ሽማግሌዎች፣ የተገላቢጦሽ አላደረግነውም ወይ?” የሚል አንድ አልተገኘም። ደንቡን በቃላቸው ያውቁታል፣ ሲጠጡ ይዘምሩታል፤ ማሰብ ሲመጣ ግን ሰውን ማጥፊያና ራሳቸውን መጥቀሚያ ያህል ብቻ ያስቡበታል። በዚያ ጉባኤ ሻይ አቅራቢ ሆኜ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ የናቅሁት ንቀት እስከዛሬ አልወጣልኝም።

ሕፃኑ ማክሰኞ ተወለደ። ስም የሚያወጣው የአባት ወገን ነውና ክዋቤና ዶምፌ ተባለ፤ ማክሰኞ ስለተወለደ ክዋቤና፣ ስለ አያቱ ዶምፌ። አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር፦ ዎፋ በዕድሜው ሰው ከወደደ ያን ልጅ ነው። ትከሻው ላይ አስቀምጦ ወደ ዳሱ ይወስደዋል፤ ጣቶቹን ይዞ ድርና ማግ ያስለየዋል። ለማንም የማያስነካውን የገዛ አባቱን የሽመና ዕቃ ለእሱ ሰጠው። ልጁም ወጣለት። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ዎፋ ራሱ የማይደፍረውን ጥለት ያወጣ ነበር። “ዓይኔን ወርሷል” ይላል ዎፋ። “አያችሁ? ዓይኔን ነው የወረሰው።”

ባለፈው ዓመት ኬንቴ ያዘዘች አንዲት ሴት ልጁ የሸመነላትን ልብስ በክንዷ ይዛ ከኩማሲ ተመለሰች።

“ምንድነው ይሄ? ቀዩ መሃል አረንጓዴ ምን ይሠራል?”

ዎፋ ልብሱን ተቀበላት፣ አገላበጠው። “የት ነው አረንጓዴ? ሴትዮ፣ ዓይንሽን ታከሚ!” አለ። የሱ ዓይን በእርጅና ከደከመ ቆይቷል፤ አላውቅም ብሎ ነው እንጂ። ልጁ ግን ቀና ብሎ ሊያየኝ ሲሞክር ዓይኑ ከእኔ ዝቅ ብሎ ጎን ያለው ምሰሶ ላይ አረፈ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት የታየሁበት ነው።

ኩማሲ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድነው፤ ልጁ፣ እናቱ አፉዋ፣ ዎፋና እኔ። ሐኪሟ ከአክራ የመጣች የጋ ጎሳ ወጣት ሴት ናት፣ ዶክተር ላርቴይ። ዎፋ ገና ሲያያት ፊቱን አዞረ። ለምርመራ ደም ከልጁም ከእናቱም ወሰደች፤ ውጤቱ ደርሷል ሲሉን ተመልሰን ሄድን።

“የሰው ገላ በጣም ጥቃቅን ሴሎች አሉት” አለች። “በየሴሉ ውስጥ ደግሞ የበላነውን ምግብ ጉልበት የሚያደርጉ ምድጃዎች አሉ እንበል። ማይቶኮንድሪያ ይባላሉ። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ብዙ ጉልበት ይበላል። የዚህ ልጅ ምድጃዎች ሲወለድም ጉድለት ነበረባቸው፤ እስካሁን ተንገዳግደው ያዙለት፣ አሁን ነርቩ ጉልበት አጥቶ ሞተ። አዝናለሁ፣ የሞተውን የምመልስበት መድኃኒት የለኝም። የቀረው እንዳይጎዳበት ግን አረቄም ሲጋራም አይቅመስ።”

“በአባቱ በኩል ንጹሕ ነው” አለ ዎፋ፣ ደረቱን ነፍቶ።

“የአባቱ ወገን በዚህ ውስጥ የለበትም፣ ናና” አለች፤ ሽማግሌን አያቴ ብሎ ማክበር ነው። “ምድጃዎቹን ልጅ የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ ነው። አባት አንዲት አያወርስም።”

አፉዋ መሐረቧን ፊቷ ላይ ሳበች። ሐኪሟ እጇን ያዘቻት። “ጥፋትሽ አይደለም፤ አንቺም ከእናትሽ ነው የወሰድሽው። ሴቶቹም አንዳንዴ ይታመማሉ፣ ወንዶቹ ግን ይብስባቸዋል። ሴቷ ደህና ሆናም ለልጆቿ ታስተላልፋለች፤ ወንዱ ዓይኑ ጠፍቶም አያስተላልፍም።”

ልጠይቅ የፈለግሁትን ከሃያ ዓመት በፊት ጠይቄው ነበር፤ ያን ቀን የተመለሰልኝ ጨው አምጪ የሚል ነው።

“ዶክተር፣ ዓይኑ የጠፋ የዚያ ቤት ወንድ፣ ደህና ቤት ያለች ሴት ቢያገባስ? ልጆቹ?”

“ልጆቹ? ምንም አይነካቸውም። ከእናታቸው ነው የሚወስዱት አልኩሽ እኮ።”

እንደዋዛ ነው ያለችው፤ የማንን ያልተወለዱ ልጆች እንደቀበረች ምን አውቃ። ዎፋን አየሁት። ወለሉን ያያል። ያፍር ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ ግን ስለራሱ ጠየቀ።

“የእኔስ ዓይን ለምን ደከመ? ከልጁ ተጋብቶብኝ ይሆን?”

ሐኪሟ ሳቀች። “አይጋባም፣ ናና። የእርስዎ እርጅና ነው። ምድጃው በሁላችንም በዕድሜ ይደክማል፤ ዓይንም ጉልበትም አብሮ የሚደክመው በከፊል ለዚያ ነው። እሱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ያጣውን እርስዎ እስከ ሽምግልና በልተውታል። ያመስግኑ።”

በትሮትሮ ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ ዎፋ ምን ቢል ጥሩ ነው? “ይሄማ አያቶቻችን የተናገሩት ነው! ደም የእናት ነው! እኔ ሁልጊዜ እል አልነበረም?” በመስኮት ልወረውረው ቃጣኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ ጥበቡን ለራሱ ወሰደ፣ ጥፋቱን ለአፉዋ አሸከመ። ልጁ መሃላችን ተቀምጦ ጣቶቹን ጭኑ ላይ እንደ መወርወሪያ ያመላልሳል።

ሐኪም ካቃተው አያቶች አሉ ተባለ። ዎፋ ሽማግሌዎቹን ጠራና፣ ለልጁ ዓይን ሊለምን፣ ለሙታኑ መጠጥ ሊያፈስ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። ኦፓኒን መንሳ መጣ፣ አጄይና አፉዋ መጡ። ለእንዲህ ያለ ጸሎት ሽናፕስ ያስፈልጋል፤ ሽናፕስ ለመግዛት ደግሞ ኪስ መፍታት ያስፈልጋል።

“አኮሱዋ!” አለ ዎፋ። “አልጋዬ ሥር ሽናፕስ አይጠፋም። አምጪው።”

ገባሁ። ተንበርክኬ እጄን ሰደድኩ። አልጋው ሥር የነበረው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ አቧራ ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ቀይና አረንጓዴ ክር አለ። ሲጠርግ የኖረ እጄ አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም። በቀሚሴ ጠረግሁትና ክሩ በደንብ እንዲታይ አድርጌ አውጥቼ ሰጠሁት። ከመንገድ ማዶ የተዘለለች ክር የሚያየው ሰውዬ እጁ ላይ ያለውን ክር አላየውም። በጣቱ እንኳ ነካው፤ ክዳኑን ጠመዘዘና ከፈተው።

የሙታኑን ስም እየጠራ ሦስት ጊዜ መሬት ላይ አፈሰሰ። ቀጥሎ ራሱ ጠጣ፣ ለመንሳ ቀዳ፣ ለልጁም ብርጭቆ ዘረጋ። ያኔ ነው የተነሳሁት። ብርጭቆውን ከልጁ እጅ ነጠቅሁ።

“ሐኪሟ እንዳይቀምስ ብላለች። ደግሞ ይሄ የጸሎት መጠጥ አይደለም። ኦፓኒን መንሳ፣ ዓይንዎ ደህና ነው አይደል? ጠርሙሱ አንገት ላይ ያለው ምንድነው?”

መንሳ ጠርሙሱን አንስቶ አየ። ደግሞ አየ። “ኧረ በአያቶቼ! ይሄ ማሜ ዱፊ የገመደችው አይደለም? በዚህ እጄ ነው የተቀበልኩት። የኮጆ ንሲያ የማንኳኪያ መጠጥ ነው!”

“አላየሁትም!” አለ ዎፋ። “አላየሁም እኮ! እሷ ናት ያመጣችው!”

“አምጪ አሉኝ፣ አመጣሁ” አልኩ። “ሲያዙኝ እምቢ ብዬ አውቃለሁ?”

“አይቆጠርም! ሳላይ ነው!”

መንሳ አፉን ጠረገ። ሽማግሌ ነው፣ ሃያ ዓመት ዝም ያለ ነው፣ ለእሱም ትልቅ አክብሮት የለኝም፤ ያን ቀን ግን ከአፉ ሰው የሚያስብል ቃል ወጣ። “ክዋቤና፣ አንተም ጠጥተሃል፣ እኔም ጠጥቻለሁ፣ ሙታኑም ጠጥተዋል። እኛን ብታታልል እነሱን ልታታልል ነው? ምርመራህ አለቀ ማለት ነው። ልጅቷ ተሰጥታለች።”

“በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች” አልኩና ጠርሙሱን ከነተረፈው መጠጥ አነሳሁ። ልብስ እንኳ አልሰበሰብኩም። አፉዋ እያለቀሰች በሩን ከፈተችልኝ።

ኮጆ ደጁ ላይ ተቀምጦ ቀሰም ያጠነጥናል። ጠርሙሱን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አንገቱን ዳሰሰ፤ ክሩን ሲያገኘው እጁ ቆመ። ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ፈለገኝ።

“ማነው የከፈተው?”

“ዎፋ ራሱ።”

“አረንጓዴው የትኛው ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ጣቱን ይዤ አሳየሁት። ሐኪሟ ያለችውን ከዚያ በኋላ ነገርኩት፤ ልጆቻችን ያዩ እንደነበር። አርባ አምስት ዓመቴ ነው።

ጠዋት ዎፋ ሰው ላከ። ልጁ ምን ሆነ አይደለም፣ ይቅር በይኝ አይደለም። “ፉፉዬን ማን ይወቅጥልኛል?” ነው የሚለው። መልእክተኛው እዚያው ቆሞ መልስ ይጠብቃል።

“ጠርሙስ ይዞ በራችንን ያንኳኳ በለው” አልኩት። “እኔ ደግሞ እመረምራለሁ።”